ለወይዘሮ አግነስ ዓይን ሆኜ ቶሮንቶ የሄድኩበት ሳምንት

ወሬው ሲደርሰኝ የወይዘሮ አግነስን ጥፍር እየቆረጥኩ ነበር። ስልኩ ጮኸ። በግራ እጃቸው ይዘው ሲያናግሩ እኔ የቀኙን ቀጠልኩ። የደወለችው ልጃቸው ዶሪን ናት። ስልኩን ከጆሯቸው ራቅ አድርገው የመያዝ ልማድ ስላላቸው የምትለው ሁሉ ለእኔም ይሰማኛል።

«እማዬ፣ የሰሜኑን ምድብ አሸነፍን። ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ቶሮንቶ እንወርዳለን። ደግሞ ስሚኝ፤ የዘንድሮው መጨረሻዬ ነው። ከተሸነፍን እዚያው ቶሮንቶ አቆማለሁ፤ ካሸነፍን ደግሞ የአገሩን ተጫውቼ። ጉልበቴ በቃኝ ብሏል።»

ወይዘሮ አግነስ እጃቸውን ድንገት ሲስቡት መቁረጫው ጣታቸውን ነካው፤ ደም ወጣ። እኔ ደንግጬ ጥጥ ስፈልግ እሳቸው ጣታቸውንም ረስተውታል።

«ጽጌ፣ ቶሮንቶ እንሄዳለን» አሉኝ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከሱዳን ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝ አንድ የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ያረፍኩትም እነሱ ባሉበት በኮክራን ነው። ኮክራን ከቶሮንቶ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ወደ ሰሜን ርቃ የምትገኝ፣ በክረምት በረዶው መስኮት የሚደርስባት ትንሽ ከተማ ናት። እዚያ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ወይዘሮ አግነስን መጦር ነው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቶላቸዋል። «አንቺን ሳይሽ ሁለት ጆሮ እንጂ ፊት የለሽም» ይሉኛል። እኔ «እማማ» ነው የምላቸው። ምን ማለት እንደሆነ ከጠየቁኝ በኋላ በሌላ ስም ስጠራቸው አይሰሙኝም።

ዶሪን የምትጫወተው ከርሊንግ የሚባል ጨዋታ ነው። በበረዶ ወለል ላይ እጀታ ያለው ክብ ድንጋይ እየገፉ ማዶ ወደ ተሳለ ክብ ይልካሉ። ድንጋዩ ሃያ ኪሎ ይሆናል። ለመሃሉ የቀረበ ድንጋይ ያለው ወገን ነጥብ ያገኛል። ገፊዋ አንዴ ከለቀቀችው በኋላ ማንም አይነካውም፤ ሁለት ሴቶች ብቻ ከፊት ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ እየፈተጉ መንገዱን ያለሰልሱለታል። መጀመሪያ ሳየው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትልልቅ ሰዎች ቤት መጥረግ አምሯቸው ነው ብዬ ነበር።

«እማማ፣ ሄደው ምን ሊያዩ ነው?» አልኳቸው፤ ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ።

«ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ጨዋታ አላመለጠኝም፤ ዓይኔ እስኪከዳኝ ድረስ። የአገሩ ውድድር በአውሮፕላን የሚኬድበት ነው፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል። እንግዲህ ለእኔ መጨረሻዋ ቶሮንቶ ነው። አያታለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«በአንቺ» አሉኝ።

ረቡዕ

ባቡሩ ሲነሳ ገና አልነጋም። በበረዶው ላይ ጨው በትነውበት ስለነበር ወይዘሮ አግነስን በአንድ እጄ፣ ሻንጣውን በሌላው ይዤ እንደ ሙሽራ በቀስታ አስገባኋቸው። መስኮቱ ላይ የሚታየው ጥድና በረዶ፣ በረዶና ጥድ ነው። በእኛ አገር የአንድ ቀን መንገድ ስትሄድ ስንቱን ገበያ፣ ስንቱን ሰርግ፣ ስንቱን ለቅሶ ታልፋለህ! እዚህ ከጠዋት እስከ ቀትር አንድ ቀበሮ አየሁ።

ቀኑ የጾም ስለነበር ዳቦና የተቀቀለ ባቄላ ይዣለሁ። ወይዘሮ አግነስ የሥጋ ሳንድዊቻቸውን አውጥተው ጥቂት ካሰቡ በኋላ መልሰው ጠቀለሉት። «ብቻዬን ስበላ ደስ አይለኝም» ብለው ከባቄላዬ ተካፈሉኝ።

የዶሪንን ነገር የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ባላቸው የወርቅ ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት እናት በየምሽቱ ጓሮው ላይ በባልዲ ውሃ እያፈሰሱ የበረዶ ሜዳ አበጁላት። እውነተኛውን ድንጋይ መግዛት የማይታሰብ ስለሆነ በማርማላታ ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ ከሽቦ እጀታ አበጅተው ሰጧት። በሃያ አራት ዓመቷ የክፍለ ሀገሩ አሸናፊ ሆነች። በሃያ ዘጠኝ የአገሩ። በሠላሳ ሦስት እንደገና የአገሩ። በእሳት አደጋ መኪና ላይ አቁመው ከተማውን አዞሯት፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሞክራ አንድም ዋንጫ አላሸነፈችም። አሁን የተማሪ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ጠዋት ልጆቹን አድርሳ፣ ማታ መልሳ፣ በመሃል ብቻዋን ድንጋይ ትገፋለች።

«ዋንጫዎቹስ የት አሉ?» አልኩ።

«አንዱን አንቺው ታውቂዋለሽ። የልብስ መቆንጠጫ የምታስቀምጪበት ነው።»

እኔ አበባ ማስቀመጫ መስሎኝ ነበር።

ቶሮንቶ ስንደርስ መሽቷል። ከባቡር ጣቢያው ሆቴላችን ድረስ በእግር የሚኬድ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ደብተሯን አገላብጣ «የተያዘላችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ዛሬ አንድ ክፍል የለንም» አለችን። እኔ ነገር በጽሑፍ የምይዝ፣ ሁለቴ የማረጋግጥ ሰው ነኝ፤ የምታውቁኝ ትመሰክሩልኛላችሁ። ግን ቀን መቁጠሪያውን ሳገላብጥ ሁለት ቅጠል አብሬ ገልጬ ኖሯል። ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸውን ሴት ይዤ በማላውቀው ከተማ ሜዳ ላይ ቀረሁ። ለወይዘሮ አግነስ ነገርኳቸው። «ጥሩ» አሉ፤ «ሆቴል አልወድም።»

ከግድግዳው ስልክ ወደ አብሮ አደጌ እቴነሽ ደወልኩ።

«ጽጌ? የት ሆነሽ ነው? ቶሮንቶ? አንቺ ጉደኛ፣ ሳትነግሪኝ!»

«ሆቴል ይዘን ነበር፣ ተሳሳትኩና...»

«እኔ ሞቼ ነው ሆቴል የምታድሪው? እዚያው ቁሚ። ጀማልን ኮል አደርገዋለሁ፤ ታክሲውን ይዞ ዳውንታውን ነው ያለው።»

«እቴነሽ፣ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ይዣለሁ እኮ።»

«ይዘሻት ነያ! ፈረንጅም የሚተኛው አልጋ ላይ ነው።»

ጀማል የእቴነሽ ጎረቤት ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ሳቂታ። እንደ ደረሰ ወይዘሮ አግነስን በሁለት እጁ ጨብጦ በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ» አላቸው። ማንም ሳይነግረው እሱም እማማ አለ። እሱ ደግሞ ረመዳን ላይ ነበርና በመኪናው ውስጥ የተረፈ ቴምር አካፈለን።

እቴነሽ የምትኖረው ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ነው። ከሊፍቶቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ስለሆነ ከታች ብዙ ቆምን። ከጎናችን የቆሙት ሰዎች ስንት ዓይነት ቋንቋ እንደሚናገሩ ወይዘሮ አግነስ በጆሯቸው እየቆጠሩ ስድስት ደረሱ። እቴነሽ አልጋዋን ለቀቀችላቸው። ሽሮና ጎመን አቀረበች። እኔ ሹካ ልጠይቅ ስል ወይዘሮ አግነስ እጃቸውን ትሪው ላይ ዘረጉና እንጀራውን በጣታቸው አገኙት። «ይሄ ምግብ ለእኔ የተሠራ ነው» አሉ። ቤታቸው ሁልጊዜ ሹካቸው ሥጋውን ስቶ ሳህኑን ሲወጋ ያሳፍራቸው ነበር። እዚህ ግን እጅ የነካውን አይስትም። እቴነሽ ስታጎርሳቸው አፋቸውን ከፍተው ተቀበሉ፤ ቆየት ብለውም «ከእናቴ በኋላ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም» አሉ።

ሐሙስ

ውድድሩ የሚካሄደው ኖርዝ ዮርክ ውስጥ በአንድ የከርሊንግ ክለብ ነው። ተመልካች የሚቀመጠው ፎቅ ላይ፣ ከመስታወት ጀርባ፣ በሙቀቱ ውስጥ ሻይ እየጠጣ ነው። ወይዘሮ አግነስ ግን «ካላየሁ ቢያንስ ልስማ» ስላሉ ዶሪን ሰዎቹን ለምና ከታች ከበረዶው ጠርዝ አንድ አግዳሚ ተፈቀደልን። ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንበን ተቀመጥን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ታስታውሳላችሁ? ያ ውርጭ ጣሪያ ሲሠራለትና መብራት ሲገባለት ነው።

ዶሪን መጥታ እናቷን ሳመች። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጉልበቷ ላይ ወፍራም ማሰሪያ ያደረገች ሴት ናት። «ጽጌ፣ አንዴ ያዢልኝ» ብላ መጥረጊያዋን ሰጠችኝ። ጠጉሩ ላይ በረዶ ተጋግሮበት ስላየሁ ደስ ይበላት ብዬ በጣቶቼ እየፈለቀቅኩ አጸዳሁላት።

«ጥሩ ጠጉር ነው» አሉ ወይዘሮ አግነስ። «የአሳማ ነው። የፈረሱ እንደሱ አይበረታም።»

መጥረጊያውን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ፍለጋ ሮጥኩ። ስመለስ አሮጊቷ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ከዚያ ወዲያ ዶሪን መጥረጊያውን ስትሰጠኝ በጓንት ነው የያዝኩት።

ጨዋታው ተጀመረ።

«ንገሪኝ» አሉ።

«ድንጋዩ ተላከ። እየመጣ ነው። ቆመ።»

«ልጄ፣ ድንጋይ መላኩንና መቆሙንማ እኔም አውቃለሁ! እንዴት መጣ?»

ተጨነቅኩ። የጨዋታውን ቃል አላውቅ፣ እንግሊዝኛዬ የገበያና የመድኃኒት ቤት ነው። ቀጣዩ ድንጋይ ከክቡ ዳር ደርሶ ሊቆም ሲል ሁለቱ ጠራጊዎች ጎንበስ ብለው ይፈትጉለት ጀመር። እኔም የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «እማማ፣ እንግዳ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ አልገባም ይላል። ሁለቱ በሞቴ ግባ፣ በሞቴ ግባ እያሉ ይለምኑታል... እሺ አላቸው፤ ገባ።»

ወይዘሮ አግነስ ክንዴን ያዙ። «አየሁት!» አሉ። «አሁን አየሁት!»

ከዚያ በኋላ በእኛ አገር ሰውና ከብት ነገርኳቸው። ቤቷ መቅረቡን እንዳወቀች በቅሎ የሚፈጥን ድንጋይ አለ። ተጣልቶ በሩን በርግዶ የሚገባ አለ። ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ዳር ዳሩን ይዞ ገብቶ ጥግ የሚቀመጥ አለ። የዶሪን ወገን የዕለቱን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፈ። ማታ ወይዘሮ አግነስ ለእቴነሽ አንድ በአንድ ሲተርኩላት፣ ሙሉ ዓይን ያለው ሰው እንኳ እንደሳቸው አላየም።

ዓርብ

በዚህ ቀን የገጠማቸው ከሁሉ ጠንካራ የተባለው ቡድን ነው። ከአሥሩ ዙር እስከ ስምንተኛው ዶሪን እየመራች ሄደች። በዘጠነኛው የእኛ ድንጋይ ወደ መሃሉ ሲገባ ዶሪን ራሷ ከክቡ ውስጥ ወጥታ ጠረገችለት። ድንጋዩ ሊቆም ሲል ቀጥ አለችና እጇን አነሳች። ድንጋዩን በእግሯ ገፍታ ከሜዳው አወጣችው።

«ምን ሆነች?» አሉ ወይዘሮ አግነስ።

«አላወቅኩም። ምንም የሆነ ነገር የለም። ጥሩ ድንጋይ ነበር፤ አወጣችው።»

«መጥረጊያዋ ነክቶት ነዋ።»

«እማማ፣ ማንም አላየም እኮ! ዳኛው እንኳ አላየም።»

«ዶሪን አይታዋለች» አሉ።

የዚህ ጨዋታ ሕጉ እንዲህ ኖሯል፤ የነካ ሰው ራሱ ይናገራል። በዚያች ድንጋይ ተሸነፉ። አንድ ሽንፈት ይፈቀዳል፤ ሁለተኛ ከሆነ ግን ዶሪን ያበቃላታል። እኔ አፌ ምሬት ምሬት እያለኝ ሳለ አሸናፊዎቹ መጥተው የዶሪንን ቡድን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና መጠጥ አዘዙላቸው። ለካ ያሸነፈ የተሸነፈውን ይጋብዛል። በእኛ አገር በገና ጨዋታ የተሸነፈ ሰፈር የሚሰማውን ስድብ እያሰብኩ ዳር ቆሜ አየኋቸው። አንዷ ለእኔም ቢራ አመጣችልኝ። ቢራ አልጠጣም፤ ግን እንዳትቀየም ብዬ ብርጭቆውን ይዤ እስኪሞቅ ቆየሁ።

ቅዳሜ

እቴነሽ «ሺፍቴን ቼንጅ አድርጌያለሁ፤ ይሄን ድንጋይ ካላየሁ ሞቼ እገኛለሁ» ብላ አብራን መጣች። አግዳሚው ላይ ሦስተኛ ሆና ተቀመጠች። ጨዋታው ከባድ ነበር። በሰባተኛው ዙር የተቃራኒው መሪ በደንብ ያነጣጠረችው ድንጋይ ከፊት የቆመውን መትቶ ከመሃሉ ርቆ አለፈ። ይሄኔ እቴነሽ ብድግ ብላ እልል አለች! በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ምን ያህል እንዳስተጋባ አትጠይቁኝ። ከጎን የሚጫወቱት ሁሉ ቆሙ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰው ተነስቶ አየን።

ወይዘሮ አግነስ በቀስታ «ንገሪያት፣ በሌላ ሰው ስህተት እዚህ አይጨበጨብም» አሉኝ። ነገርኳት። እቴነሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እኔ አፈር ልብላ! እልል ያልኩት እኮ ለእኛ ነው እንጂ በሷ መውደቅ መቼ ደስ ብሎኝ!»

ጨዋታው አልቆ ዶሪን ካሸነፈች በኋላ እቴነሽን ይዤ ወደዚያች የተሸነፈች መሪ ሄድን። እቴነሽ እጅ ነስታ ይቅርታ ጠየቀች። ሴትየዋ ግራ ገባት፤ ከዚያ ሳቀች። «ይቅር የምልሽ» አለች፣ «ድምፁን እንዴት እንደምታወጪው ካስተማርሽኝ ነው።» በኮሪደሩ ላይ አንዲት የከርሊንግ ተጫዋችና የሴንት ጄምስ ታውን እቴነሽ ምላሳቸውን እያውለበለቡ ሲለማመዱ ወይዘሮ አግነስ በዱላቸው መሬት እየመቱ አጀቧቸው።

የእሑዱ የመጨረሻው ጨዋታ ዓርብ ካሸነፏቸው ከእነዚያው ጋር ሆነ።

እሑድ

ቅዳሴ ከሰማሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። በኮክራን የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም። እቴነሽ ለወይዘሮ አግነስ ቁርስ ልትሰጥልኝ ቀረችና እኔ ሊነጋጋ ሲል ነጠላዬን ለብሼ ወገኖቻችን ተከራይተው ወደሚቀድሱበት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን በምድር ውስጥ ባቡር ሄድኩ። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ቆሜ አለቀስኩ፤ ይበቃል። ለዶሪን ጸለይኩ። ስም እንዲያነሱልኝ ቄሱን ስጠይቃቸው «የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉኝ። «አባ፣ ድንጋይ የምትገፋ ፈረንጅ ናት» አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ «እሱ ያውቃታል» አሉ።

ጀማል ከደጅ ይጠብቀኝ ነበር። እቴነሽ ወደ ሥራዋ ስለገባች ወይዘሮ አግነስን መኪናው ውስጥ አስቀምጧቸዋል።

«እትዬ ጽጌ፣ ቶሎ በይ! እማማ ሦስት ጊዜ ሰዓት ጠየቁኝ።»

«አንተ ጾመኛ፣ ሥራህን ፈትተህ...»

«አንቺ ቅዳሴ ቆመሽ፣ እኔ ጾም ይዤ፣ ይህቺ ሴትዮ ካላሸነፈች ሌላ ምን እናድርግላት?» አለና ነዳው።

አዳራሹ ሞልቷል። ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ስል ሁለት የእኛ ሰዎች አየሁ፤ አንዲት ነጭ ሽርጥ የታጠቀች ቀጭን ሴትና ሸበት ያለ ሰው። የክለቡ ወጥ ቤት የሚሠሩ ይመስለኛል። ነጠላዬን አይተው ኖሮ ሴትየዋ እጇን አውለበለበችልኝ፤ እኔም ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ሄጄ ሰላም ማለት ነበረብኝ፤ ጨዋታው ተጀመረ።

እኩል ለእኩል እየሄዱ አሥረኛው ዙር ደረሰ። ጀማል ያቆመበት ቦታ ክልክል መሆኑን ሰምቶ መኪናውን ሊያዛውር ወጣ። የቀረው የዶሪን አንድ ቀይ ድንጋይ ብቻ ነው። የነሱ ቢጫ ድንጋይ መሃሉ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ሌላ ቢጫ እንደ ዘበኛ ቆሞለታል። ዶሪን ዘበኛውን ዞራ ገብታ መሃለኛውን ማስነሳት አለባት። ካልሆነላት አሥራ ሦስቱ ዓመት አሥራ አራት ይሆንና ያበቃል።

ወይዘሮ አግነስ እጄን ያዙ። እጃቸው በረዶ ሆኗል። «ንገሪኝ» አሉ። «ሁሉንም።»

«ተቀመጠች። የድንጋዩን ሆድ በእጇ ጠረገች። ጉልበቷን አጠፈች፤ አመማት፤ ከንፈሯን ነከሰች። ቀና ብላ አየች። ተነሳች፤ ወጣች፤ እየተንሸራተተች ነው። ለቀቀችው—»

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አይደለም ያደረግኩት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነገር ሲጨንቀኝ የማደርገውን አደረግኩ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ «እመቤቴ፣ አደራሽን» አልኩ። ድንጋዩ እንደ ሩቅ ወፍጮ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ጠራጊዎቹ ይጮኻሉ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ድምፅ፣ ድንጋይ ድንጋይን ሲነካ። ከዚያ ቤቱ ተናወጠ።

ገልጬ ሳይ ቀዩ ድንጋይ መሃል ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ዶሪን በረዶው ላይ በሆዷ ተኝታ ፊቷን በክንዷ ደፍታለች።

«እማማ፣ አሸነፈች!»

«ሰማሁ» አሉ። ዳር ዳሩን በሚያይ ዓይናቸው እንባ ይወርዳል። «እንዴት መጣ? እንግዳ ነበር? በቅሎ ነበር? ዘበኛውን እንዴት አለፈው?»

መዋሸት እችል ነበር። ደርዘን በቅሎና ደርዘን እንግዳ አፌ ላይ ነበረ። ማንም አያውቅብኝም።

«እማማ፣ ይቅር በሉኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ምን?»

«ስጸልይ። ለዶሪን ስጸልይ።»

እጄን ለቀቁኝ። ተጫዋቾቹ መጥተው ሲያቅፏቸው ሳቁ፤ ወደ እኔ ግን ፊታቸውን አልመለሱም። ዶሪንን ጠየቋት። «ጠራጊዎቹ ከፊቴ ነበሩ፣ እማዬ፤ መጨረሻውን አላየሁትም፤ በድምፁ ነው ያወቅኩት» አለች። ጠራጊዎቹን ጠየቁ። «አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ ፍጥነቱ ልክ ነበር» አሉ። ሌሎቹ ሁሉ «ግሩም ድንጋይ» አሏቸው። ጀማልማ የተመለሰው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ለእኔ አዝኖ ወደ ቤት ሲወስደን የመኪናውን መሪ ይመታ ነበር።

ሴንት ጄምስ ታውን ደርሰን ሊፍቱን ስንጠብቅ ወይዘሮ አግነስ ክንዴን ፈልገው ያዙኝ። «ስንት ዓመት ሙሉ እኔ ለዚያች ልጅ ጸልዬ አላውቅም» አሉ። «ማየት ብቻ ነበር የማውቀው። አንቺ የእኔን ድርሻ ሠራሽ። ግን ጽጌ፣ አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ሰኞ

ጀማል ባቡር ጣቢያ አደረሰን፤ ሂሳብ ስጠይቀው ተቆጣኝ። እቴነሽ ለመንገድ ብላ ከያዘችልን ምግብ ወይዘሮ አግነስ ለመላው ፉርጎ አካፈሉ። ለዶሪን ኮክራን መግቢያ ላይ የእሳት አደጋ መኪናው ቆሞ ጠበቃት። ጉልበቷን ይዛ እየሳቀች ወጣችበት። በሚቀጥለው ሳምንት ለአገሩ ውድድር ወደ ምዕራብ ትበራለች። እኛ በቴሌቪዥን እንከታተላለን። ወንበሬን ከስክሪኑ ፊት ለፊት አድርጌዋለሁ፤ ጸሎቴን አስቀድሜ እጨርሳለሁ።

ይህን የጻፍኩት ለአገር ቤት ዘመዶቼ ነው። ነገር ግን ቶሮንቶም እንደሚነበብ ስለማውቅ ይህን ልለምን። ያን እሑድ ከመስታወቱ ጀርባ የነበራችሁ፣ ነጭ ሽርጥ የታጠቅሽው እህቴና ሸበቶው ወንድሜ፣ ሌላም ወገን እዚያ ከነበረ፣ በእቴነሽ በኩል አንድ ወረቀት ላኩልኝ። ማሸነፏን አትጻፉልኝ፤ እሱን እናውቃለን። ድንጋዩ ከእጇ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደመጣ ጻፉልኝ። ዘበኛውን በየት በኩል እንደዞረው፣ ቸኩሎ ወይስ እየተግደረደረ እንደገባ፣ ቢጫውን ገፍትሮ ነው ወይስ ይቅርታ ብሎ ያስነሳው። በአማርኛ ጻፉት፤ እኔ ቃል በቃል ተርጉሜ አነብላቸዋለሁ። ያላያችሁትን አትጨምሩበት። እናንተም በዚያች ሰዓት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከነበረ እሱንም ጻፉልኝ፤ ብቻዬን እንዳልነበርኩ እንዲያውቁልኝ።